ከጋራዥ የወጣው ጎማ

እናቴን የጣሏት እሑድ ዕለት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ በጠራራ ፀሐይ።

ላቪንግተን ውስጥ የምንኖርበት መንገድ ናይሮቢ ውስጥ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው። ቤቶቹ እንግሊዞች አገሩን ሲገዙ የሠሯቸው የድንጋይ ቤቶች ናቸው። ጣሪያቸው ቀይ ሸክላ፣ ግቢያቸው ጫካ የሚያህል፣ አጥራቸው ላይ ኤሌክትሪክ የተዘረጋ። ኪራዩን የሚከፍልልን የምሠራበት ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው እንጂ በራሳችን አቅምማ በዚያ በኩል በእግራችንም የምናልፍ ሰዎች አይደለንም።

እናቴ ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ጃካራንዳው አበባውን አራግፎ አስፋልቱን ሐምራዊ ሲያደርገው አይታ፣ “ይኼንን በመኪና ማለፍ ግፍ ነው” ትል ነበር። ስለዚህ ባለቤቴ መንገዱ አፍ ላይ አወረደንና ዕቃ ሊገዛ ወደ ዌስትላንድስ ሄደ። እኛ ቀስ እያልን እናዘግማለን።

ሞተር ሳይክሉ ከኋላችን ሲመጣ ሰምቼዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ምግብ የሚያደርሱ ሞተሮች ስለሚመላለሱ ዞሬ አላየሁም። ከነጂው ጀርባ የተቀመጠው ሰውዬ እጁን ሰደደና እናቴ አንገት ላይ ያለውን የወርቅ ሐብል ጨመደደው። ሐብሉ ከማተቧ ጋር ተጠላልፎ ኖሮ አልበጠስ አለ። ሞተሩም አልቆመም። እናቴ በአንገቷ ተጎተተች። ጫማዋ ወለቀ፣ ነጠላዋ ከሥሯ ገባ፤ ከዚያ ክሩ ተበጠሰና በትከሻዋ አስፋልቱ ላይ ወደቀች። አጥንቷ ሲሰበር ሰማሁት።

ሰውየውም ሚዛኑን ስቶ ከሞተሩ ወደቀ። ነጂው ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው ነድቶ ጠፋ።

“ምዊዚ!” አለ አንድ ድምፅ ከአጥር ጀርባ። በስዋሂሊ ሌባ ማለት ነው። ናይሮቢ የኖረ ሰው ከዚህ ቃል በኋላ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ሁልጊዜ ተዘግተው የሚውሉት የብረት በሮች በየተራ ተከፈቱ። ዘበኞች ዱላ ይዘው፣ አትክልተኞች ቆንጨራ ይዘው፣ ሾፌሮች ባዶ እጃቸውን ወጡ። መጀመሪያ የደረሰው የእኛ ዘበኛ ነበር።

ይህ ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። እናቴን “ማማ” ነው የሚላት። በቋንቋ ባይግባቡም ጠዋት ጠዋት ከግቢው ዛፍ አቮካዶ አውርዶ በሁለት እጁ ያቀብላታል፣ እሷም ትመርቀዋለች። አሁን ዱላውን በዚያው በሁለት እጁ አንስቶ የሰውየውን ጉልበት መታው። ሰውየው ለመነሳት ሲሞክር ደገመው። ከዚያ ሌሎቹ ደረሱና ሰውየው ከእግሮቻቸው መሀል ጠፋብኝ። የሚሰማኝ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እርጥብ ጆንያ ላይ የሚያርፍ ዓይነት ምት። አንዴ ፊቱን አየሁት። አንድ ዓይኑ ያለበት ቦታ ደም ብቻ ነበር።

ከፊት ለፊታችን ካለው ግቢ አንድ ሾፌር ከጋራዡ ጎማ እያንከባለለ ወጣ። የትልቅ መኪና ጎማ ነው፣ ጥርሱ ገና ያላለቀ። የቤቱ ጌታ ከኋላው በሩ ላይ ቆሞ በስልኩ ይቀርፃል። ሌላ ሰው ለሣር ማጨጃ ማሽን የሚሆን ቤንዚን በጀሪካን ይዞ መጣ።

የእናቴን አንገት በነጠላዋ ይዤ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። ደሙ በጣቶቼ መሀል ይወርዳል።

“ጎማው ምንድን ነው?” አለችኝ።

“ሊያቃጥሉት ነው።”

“በእኔ የተነሳ?” ነጠላውን ከእጄ ወሰደችና ራሷ ያዘችው። “እኔ አልሞትም። ሂጂ አስጥዪው።”

እውነቱን ለመናገር፣ ለሰውየው ቅንጣት አላዘንኩም። የሄድኩት እሷ ስላዘዘችኝ ነው። “ባሲ! ባሲ!” እያልኩ፣ በቃችሁ እያልኩ መሀላቸው ገባሁ። የአንዱ ክርን አፌን አገኘውና ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ማንም አላየኝም። ቤንዚኑ ሸተተኝ።

በዚህ መሀል ከመንገዱ ቤቶች ሁሉ ያረጀው ቤት ባለቤት ወጡ። ጡረታ የወጡ ኬንያዊት ሐኪም ናቸው፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ዘበኞቹ ሁሉ “ሾሾ” ይሏቸዋል፣ አያታችን እንደማለት። ሳይጮኹ፣ ሳይቸኩሉ በሰዎቹ መሀል አለፉና ጎማው ላይ ተቀመጡ። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

“በሉ፣ ከእኔ ጀምሩ” አሉ።

ጀሪካኑን የያዘው ሰው ቆመ። የእኛ ዘበኛ እያለከለከ ዱላውን አየ፣ ከዚያ እሳቸውን አየ።

“አንቺ፣ እግሩን ያዢ” አሉኝ። የእሳቸው አትክልተኛ በብብቱ ያዘው። እየጎተትን ግቢያቸው አስገባነው፤ እሳቸውም እናቴን ደግፈው ገቡና በሩ ተዘጋ። ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ድንጋይ በብረቱ ላይ ይዘንብ ነበር። በረንዳው ላይ እናቴና የጣላት ሰውዬ ጎን ለጎን ተኝተው ሐኪሟ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞሩ ደም ያቆማሉ። ሰውየው አንዴ “ማማ” አለ። የማንን እናት እንደጠራ አላወቅሁም።

በማግሥቱ የመንገዱ ነዋሪዎች በዋትሳፕ ቡድናቸው ዘበኞቹን አመሰገኑ። አንዱ ደግሞ ሐኪሟን ሌባ አስጠለሉ ብሎ ወቀሰ። ቪዲዮውም ተለቅቆ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ማየት አልቻልኩም።

ዘበኛችን አቮካዶ ይዞ መጣ። እናቴ ክንዷ ታስሮ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች።

“ለማማ ብዬ ነው ያደረግሁት፣ ንገሪልኝ” አለኝ።

ነገርኳት። “ለእኔ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ” አለችው። “ግን ልጄ፣ እጅህ እንዳይለምድ።”

ስተረጉምለት አንገቱን ደፋ። “እኔ የምኖርበት ሰፈር ፖሊስ አይመጣም” አለ። “ሌቦች ወንድሜን ሲገድሉት እኛው ነን የደረስነው።” ይህንንም ለእናቴ ተረጎምኩላት። አቮካዶውን ተቀበለችው፤ የዚያን ቀን ግን አልመረቀችውም። እሱም ብዙ ሳይቆይ ኢምባካሲ በሚባል ሰፈር መጋዘን ጥበቃ ተቀጠርኩ ብሎ ለቀቀ።

እናቴ አገሯ ከገባች በኋላ ሐኪሟን ላመሰግን ሄድኩ። “እንዴት አልፈሩም?” አልኳቸው።

“ፈርቻለሁ እንጂ” አሉ። “የተቀመጥኩት እኮ እግሬ አልቆም ብሎኝ ነው።”

ሰውየው እንደተፈረደበት የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ዓይኑን ማትረፍ አልተቻለም። ማታውኑ ለእናቴ ደወልኩና ነገርኳት።

“ሌላኛው ዓይኑስ ያይለታል?” አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። እንድጠይቅላት ነገረችኝ።