ከቆቦ እስከ ዋጃ፦ ባዶውን ያለፈን መኪና

ለሴሚስተር እረፍት ቆቦ ከገባሁ ገና ሳምንቴ ነበር። በማለዳ አባቴ ከዋጃ ደወለልኝ። የታመመ ወንድሙን፣ አጎቴ ሰይድን፣ ሊያስታምም ከሄደ ሰንብቷል።

«ሰይድ ወደ አኼራ ሄደ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለዘይነባ እንዳትነግሪያት። ብሶበታል ብለሽ ብቻ ይዘሻት ነይ፤ እዚህ ዘመድ ተሰብስቦ ይነግራታል። ግን ፍጠኑ። ዙህር እንደተሰገደ ጀናዛው ይወጣል።»

ዘይነባ አክስቴ ናት፤ የአባቴም የሰይድም ታላቅ። ሰይድን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። በአገራችን ደግሞ መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ሰው ተቀምጦ፣ የሚደግፈው ወገን በግራና በቀኝ ሆኖ ነው የሚነገረው። ቀብር ግን አይጠብቅም። ሴቶች የሟቹን ፊት የሚሰናበቱት ጀናዛው ከቤት ሳይወጣ ነው። ስለዚህ የጉዞዬ ዓላማ አንድ ብቻ ነበር፦ አክስቴን ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት፣ በፊት ዋጃ ማድረስ። በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ቀኑ ገና ጠዋት ስለነበር በሰላም እንደርሳለን ብዬ አሰብኩ።

ከቤት እስከ አስፋልት

አክስቴ «ብሶበታል» ስላት ወዲያው ምድጃ ለኮሰች። ለወንድሟ አጥሚት ሳትይዝ አልወጣም አለች። ለሞተ ሰው አጥሚት ሲፈላ ቆሜ አየሁ፤ ተይው ልላት አልቻልኩም። በፔርሙዝ ሞልታ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ታቀፈችው።

ሰፈራችን አዲስ ነው። እኔ አንደኛ ደረጃ ስማር የማሽላ ማሳ ነበር። ዛሬ ቆርቆሮው ከዳር እስከ ዳር ያብረቀርቃል፤ ሱቅ አለ፣ ወፍጮ አለ፣ መስጊድ ተሠርቷል። መብራትም ገብቶልናል። መጓጓዣ ግን የለም። ባጃጆቹ አስፋልቱ ላይ ይዞራሉ እንጂ ወደ እኛ አይገቡም፤ መንገዱ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ የደረቀ ቦይ ነው። አክስቴ ጉልበቷን ያማታል። በእኔ ትከሻ ተደግፋ፣ በየጥቂት እርምጃው እየቆመች አስፋልት ደረስን።

የገበያ ቀን ስለነበር ባጃጁ ሁሉ ሞልቶ ያልፋል። በመጨረሻ አንድ ባዶ ቆመልን።

«ኮንትራት ነው፣ ሠላሳ ብር» አለ ሹፌሩ።

«ሁለት ብር አይደል እንዴ?»

«የሁለት ብሩማ ያው፣ ሞልቶ ሲያልፍ አየሽው።»

አክስቴ «ያንን ሁሉ ብር!» ብላ ልትመለስ ነበር። እኔ ግን ከፍዬ አስገባኋት።

መናኸሪያው

መናኸሪያ ስንደርስ ለአላማጣ ተራ የያዘው ሚኒባስ ቆሞ ነበር። የዋጃ ሰው የሚሄደው በዚሁ መስመር ነው፤ ለዋጃ ብቻ የሚመላለስ መኪና የለም። ገባንና ተቀመጥን። ከእኛ ሌላ ውስጥ የነበሩት ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው።

አንባቢ ይህን እንዲረዳልኝ እፈልጋለሁ። በገበያ ቀን ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ቆቦ ይመጣል እንጂ ከቆቦ የሚወጣ የለም። ተራ የያዘው መኪና ደግሞ ካልሞላ አይንቀሳቀስም። ሌሎቹ ሚኒባሶች ከዋጃና ከአላማጣ ገበያተኛ አራግፈው፣ ሌላ ገበያተኛ ለማምጣት ባዷቸውን ይመለሳሉ። ተራቸው ስላልሆነ ግን አንድም ሰው መጫን አይችሉም። እኛ ቆሞ በቀረ መኪና ውስጥ ተቀምጠን፣ ወደምንሄድበት የሚሄዱ ባዶ መኪኖች በመስኮታችን ያልፋሉ።

ከኋላችን ዶሮ የያዘ ነጋዴ ተቀምጧል። «ይህ መኪና እንቁላል ታቅፏል መሰለኝ» አለ። «እስኪፈለፍል አይነሳም።»

ሹፌሩ ከውጭ ሆኖ ሰማው። «አንተ ዶሮ ስትሸጥ ስለኖርክ ሁሉም ነገር ዶሮ ይመስልሃል።»

ሁሉም ሳቀ። አክስቴም ሳቀች። እኔ ሳቋን ማየት አቃተኝ። ፔርሙዙን እየዳበሰች፣ «እስክንደርስ ይቀዘቅዝ ይሆን?» አለችኝ።

ፀሐዩ ከረረ። የሚገባው ሰው አንድ አንድ ነው፤ የሰለቸውም ይወርዳል። አንድ ባዶ ሚኒባስ ሊወጣ ሲል ሮጬ ሹፌሩን ለመንኩት።

«እባክህ ወንድሜ፣ ዋጃ ብቻ አድርሰን። የአላማጣውን እከፍላለሁ።»

«እህቴ፣ ብሩን ጠልቼ አይደለም። ከተራ ውጭ ከጫንኩ ሳምንት ያቆሙኛል። ያውልሽ፣ እሱን ጠይቂው።»

የጠቆመኝ ተራ አስከባሪውን ነው። ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲጮህ ድምፁ የሻከረ ጎልማሳ። ቸኩለናል ስለው ፊቱን እንኳ አላዞረም። «ያልቸኮለ ማን አለ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ፣ «ቀብር ነው። ወንድሟ ነው። ከዙህር በፊት መድረስ አለባት» አልኩት።

ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። በመናኸሪያው ለቀብርተኛ ተራ ይለቀቃል፤ ተራ የያዘው ሹፌር ግን መፍቀድ አለበት። ተራ አስከባሪው ሊረዳን ብሎ፣ ከልቡ አዝኖ፣ ከግቢው ወዲያ ማዶ ላለው ባለተራ ሹፌር ጮኸ።

«አንተ! እኒያን እናት ልቀቃቸው፣ በባዶው ይሂዱ! ወንድማቸው ሞቶ ለቀብር እየሄዱ ነው!»

አክስቴ በመስኮቱ አጠገብ ነበረች።

«የማን ወንድም?» አለች መጀመሪያ። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ሀያት፣ ሰይድ ነው?»

ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። ዘመድ በሌለበት፣ በናፍጣ ሽታና በፊሽካ መካከል፣ ፔርሙዙን እንደ ሕፃን ታቅፋ «ሰይዶ! ሰይዶ!» እያለች አለቀሰች። የማናውቃቸው ሴቶች ዕቃቸውን ጥለው መጡና በግራና በቀኝ ያዟት። የዶሮው ነጋዴ ውኃ ገዝቶ አመጣ። ተራ አስከባሪው ፊሽካውን በእጁ ጨብጦ ቆመ። «አያውቁም ነበር እንዴ? ምነው ሳትነግሪኝ?» ይለኝ ነበር። ለመኪና ስል የመርዶን ወግ ለማያውቀኝ ሰው አስረክቤ ነበር።

የዋጃ መንገድ

ባዶው ሚኒባስ ውስጥ ደግፈን አስገባናት። ሹፌሩ ብር አልተቀበለንም፤ ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ወሬ ነዳ። በቀኝ የዞብል ተራራ በሙቀቱ ውስጥ ደብዝዞ ይታያል፤ ሜዳው ላይ የታጨደ የማሽላ አገዳ ተከምሯል። በተቃራኒው አቅጣጫ ሰው ጣሪያ ድረስ የጫኑ መኪኖች ወደ ቆቦ ይከንፋሉ። የእኛ መቀመጫዎች ባዶ ናቸው። ጠዋት ብንሳፈርበት ኖሮ ምን ይጎድል ነበር? መንገዱ በእርግጥም ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ዋጃ ስንገባ ወንዶቹ አካፋ በትከሻቸው ይዘው ሲመለሱ አገኘናቸው። አባቴ ከመካከላቸው ወጥቶ የመኪናውን በር ከፈተ።

«ፊቱን?» አለችው አክስቴ።

«ዙህር ደረሰ፣ ዘይኒ» አላት። «የቻልነውን ያህል አቆየነው።»

ፔርሙዙን ለእሱ ሰጠችው። ክዳኑን ሲከፍተው አጥሚቱ ገና ይተን ነበር።

መልስ

ሦስት ቀን ከለቅሶተኛው ጋር ተዝያ ተቀምጠን ተመለስን። በእነዚያ ቀናት ንዴቴን ለማብረድ ብሞክርም አልበረደልኝም። ተራ አስከባሪውን አልከስም፤ ደግ ሰው ነው። ሹፌሩም እንጀራው ነው። የምከሰው ይህንን አሠራር አይቶ እንዳላየ የሚያልፈውን ሁሉ ነው። ቆቦ አደገች እየተባለ በየስብሰባው ይጨበጨባል። ቦታ ይመራል፣ ቤት ይሠራል፤ እዚያ የሚኖረው ሰው እንዴት ወጥቶ እንደሚገባ የጠየቀ ግን የለም። ቢሞላም ባይሞላም በሰዓቱ የሚነሳ አንድ አውቶቡስ፣ ባጃጅ የሚያስገባ ጠጠር የፈሰሰበት መንገድ፤ ይህ ለአንድ የወረዳ ከተማ ቅንጦት ነው? ምጥ የያዛት ሴት፣ ፈተና ያለው ተማሪ፣ ሁሉም መኪናው እስኪሞላ ይጠብቁ?

የሳምንቱ ሁለተኛ የገበያ ቀን ነበር፤ ቆቦ መናኸሪያ ስንወርድ ተራ አስከባሪው አክስቴን አወቃትና ሮጦ መጣ።

«እናቴ፣ አፉ ይበሉኝ። የማያውቁ መሆንዎን አላወቅኩም።»

«አፉ ብዬሃለሁ፣ ልጄ። አንተ ባትጮህ እስካሁን እዚያው ነበርኩ።» ከዚያ ወደ ቆመው ሚኒባስ ተመለከተች። አንዲት ወጣት ሕፃን አቅፋ፣ ባዶ ወንበሮች መካከል ብቻዋን ተቀምጣለች። ከጎኗ ሌላ ባዶ መኪና ወደ ዋጃ ሊወጣ ሞተሩን አስነስቷል።

«እሷንም በዚያ ላካት» አለችው። «ሰው እስኪሞትባት አትጠብቅ።»

ተራ አስከባሪው ልጅቷን አየ፣ መኪናውን አየ፣ መሬቱን አየ።

«ተራ ነው፣ እናቴ» አለ።

ባዶው መኪና በፊታችን ወጣ። እኛም ባጃጅ ወደማይገባበት ሰፈራችን በእግራችን ተጓዝን።