ያበጡት ቁጥሮች

ኦዴት ኢስትር አንድ ዕቃ እጇ ሲገባ አስቀድማ የምትጠይቀው ከምን እንደተሠራ ነው። አብዛኛውን ዕድሜዋን ያሳለፈችው በሩዝ ወፍጮ ቤት ነበር፤ ሥራዋም ከየጆንያው አንድ እፍኝ እየዘገነች በጥቁር ሰሃን ላይ መዘርጋት፣ ደኅናውን ፍሬ ከስባሪው መለየትና የጆንያውን ደረጃ መወሰን ነበር። ጡረታ ስትወጣ ሩዙ ቀረ፤ ልማዱ ግን አልቀረም። ለቤተ ክርስቲያኑ የተገዛውን አዲስ መጋረጃ በሁለት ጣቶቿ አሽታ፣ «አባ፣ ጥጥ ነው ብለው የሸጡልዎ ሰዎች ጥጥ አይተው አያውቁም» ማለቷን የደብሩ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል።

ባሏ ክሎድ ኢስትር ሲሞት ሁለት ነገር ትቶላት ሄደ፤ የሐሙስ ከሰዓት በኋላውን የፖከር ጨዋታና ታላቅ ወንድሙን አልሲድን። ጨዋታው የሚካሄደው በወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ፣ በጣሪያው ማራገቢያ ሥር ነው። የምንወራረደው በቀይና በሰማያዊ ጠጠሮች ነው። ሲመሽ ጠጠሮቹ ወደ ብስኩት ቆርቆሯቸው ይመለሳሉ፤ የተሸናፊው ክብር ግን እስከሚቀጥለው ሐሙስ እንደቆሰለ ይቆያል። አልሲድ በአገራችን ሰፋፊ የውሃ ቦዮች ላይ ጎታች ጀልባ ሲነዳ የኖረ ሰው ስለሆነ ሁላችንም ካፒቴን እንለዋለን፤ ስሙን የምትጠራው ኦዴት ብቻ ናት። የቀሩት ተጫዋቾች፣ ምላሷ የማያርፈው ጎረቤታችን ኡና፣ በአንድ እጁ ቋሊማ በሌላው ካርታ የሚይዘው ፀጉር አስተካካዩ ሆረስ፣ እንዲሁም ትምህርት ቤቱ በጡረታ ያሰናበተኝ እኔ ነን።

በዚያ ቤት ካርታው የቤቱ ነው። ካርታ ይዞ የሚመጣ እንግዳ አስተናጋጁን እንደሰደበ ይቆጠራል። በአንጻሩ ማንም ተጫዋች በፈለገ ጊዜ «ካርታ ይቀየር» ማለት ይችላል፤ ለምን ተብሎም አይጠየቅም። ዕድል የራቀው ይጠይቃል፤ የሰለቸው ይጠይቃል፤ ጎረቤቱን የጠረጠረም ይጠይቃል። ምክንያት የማይጠየቀውም ሦስቱ እንዳይለዩ ሲባል ነው። ስለዚህ ኦዴት ሁልጊዜ ሁለት እሽግ፣ አንዱን ቀይ ጀርባ ሌላውን ሰማያዊ ጀርባ፣ በመደርደሪያው ላይ ታስቀምጣለች።

ሆኖም እነዚያ እሽጎች የወረቀት ነበሩ፤ በእኛ አገር ደግሞ አየሩ ራሱ ውሃ ነው። በሩ ያብጣል፤ መሳቢያው ያብጣል፤ ጨውም በዕቃው ውስጥ ይጋገራል። በዚያ ክረምት ካርታው እርጥበቱን ጠጥቶ፣ የሆረስንም የቋሊማ ቅባት ተቀብሎ፣ ሲበወዝ እንደ ደረቀ ቅጠል መንሸራተቱ ቀርቶ እንደ እርጥብ ሣር ተጣበቀ።

ነገሩ የተጀመረው ከዕለታት ባንዱ ሐሙስ አልሲድ ካርታውን በኩራት ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ ነው።

«አምስቱም ጦር! ኡና፣ እጅሽን ከጠጠሩ ላይ አንሺ።»

ኡና አንገቷን አስግጋ አየች። «ቆይ እንጂ የኔ ጌታ፤ አራት ጦርና አንድ አበባ ነው። አበባውን ለማን አስበህ ነው? ለእኔ ከሆነ ተቀብያለሁ።»

ሆረስ ሳቀ። አልሲድ አልሳቀም።

«ካርታ ይቀየር» አለ።

ኦዴት ሰማያዊውን አወረደች። ከጥቂት ዙር በኋላ አልሲድ ሁለት ስምንቶች ብሎ ዘረጋ፤ ከሁለቱ አንዱ ሦስት ነበር። በዚህ ጊዜ ኡና እንኳ አልቀለደችም፤ ሦስቱን በጣቷ ወደ እሱ መልሳ ገፋችው።

«ይኸም ይቀየር።»

«ሌላ የለኝም፣ አልሲድ» አለች ኦዴት።

ባርኔጣውን አነሣ። «እንግዲያው በዚህ ቤት ካርታ ሲኖር ጥሩኝ» ብሎ ወጣ።

ሌሎቹ ሲሄዱ ኦዴት ወደ ግቢው በር ወሰደችኝና የፖስታ ሣጥኗን አሳየችኝ። የቆመበት ግንድ ጎብጦ ነበር። እንጨቱ ላይ አረንጓዴ ቀለም ተፍቆ ቀርቷል፤ በመንደሩ አረንጓዴ የጭነት መኪና ያለው አልሲድ ብቻ ነው።

«የዛሬ አይደለም» አለች፣ ቀለሙን በጥፍሯ እየላጠች። «ከፋሲካ በፊት ነው። ሰውየው ዓይኑ ደክሟል፣ መምህር። እሱ ግን ካርታው ነው ይላል።»

«ለምን አትነግሪውም?»

«ለኢስትር ቤት ወንድ? ለክሎድ ልቡ ደክሟል ብለው ሐኪሞቹ ሦስት ጊዜ ነገሩት፤ እሱ ሐኪም ቀየረ።»

አልሲድ ሚስት የለውም፤ ልጆቹም ሩቅ ናቸው። ከሐሙስ በቀር የሚያንኳኳው በር እንደሌለው ሁላችንም እናውቃለን። ሐሙስ ከቀረበት፣ በዚያ በቦዩ ዳር ባለው ቤቱ ተቀምጦ፣ የዓይኑን ነገር ለማንም ሳይናገር ጨለማውን ብቻውን ይጠብቃል ማለት ነው። መመለሻውን ግን ራሱ ተናግሮት ሄዷል፤ ካርታ ሲኖር። ኦዴት ቃሉን እንዳለ ያዘችው።

የፕላስቲክ ካርታ ፍለጋዋ እንዲህ ተጀመረ። ከየሱቁና ከየካታሎጉ የገዛቻቸው እሽጎች ጠረጴዛውን ሞሉት፤ እኔም በየቀኑ እየተጠራሁ ምስክር ሆንሁ። መጀመሪያ ልታውቀው የፈለገችው፣ ሁሉም ሣጥን ላይ «ፕላስቲክ» ተብሎ ተጽፎ ሳለ ለምን አንዱ ከሌላው እንደሚረክስ ነበር። ከየእሽጉ አንዳንድ ጆከር አውጥታ በውሃ ብርጭቆ ውስጥ አሳደረቻቸው። በማግሥቱ ግማሾቹ እንደ ሽንኩርት ተልጠው ተገኙ፤ ውስጣቸው ወረቀት ነበር፤ ፕላስቲኩ ላዩን ብቻ የተቀባ ነው። ሌሎቹ ግን እንደገቡ ወጡ።

«ስባሪ ሩዝ ላይ ጥቂት ደኅና ፍሬ በትኖ እንደሚሸጥ ነጋዴ» አለች፤ የተላጡትን ሰብስባ ወደ ቆሻሻ ስትጥል ፊቷ በደስታ በርቶ ነበር።

የቀሩትን አንድ በአንድ መረመረቻቸው። ካርታውን ጫፍና ጫፉን ይዛ ታጎብጠውና ትለቀዋለች፤ ቀጥ ብሎ የማይመለሰው ይወድቃል፤ የታጠፈ ካርታ ጀርባውን ያየ ሁሉ የሚያውቀው ካርታ ነውና። ወደ መስኮቱ ብርሃን ታነሣዋለች፤ የንጉሡ ጥላ በጀርባው በኩል የሚታየው ይወድቃል። በአምፖሉ ሥር ታጋድመዋለች፤ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጨውን በተለይ ጠላችው።

«ይኸ የእኔን ዓይን እንኳ ይወጋል» አለች።

ጀርባቸው ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ የሌለው እሽግ ደግሞ ለብዙ ጊዜ አነጋገረን። እኔ አምሮ ነበር የታየኝ። እሷ ግን ካርታውን ደጋግማ በጠረጴዛው ጠርዝ ከፋቀችው በኋላ ቀለሙ የተነሣበትን ጭረት አሳየችኝ፤ በቀዩ ላይ ነጩ ጭረት እንደ ጠባሳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ነጭ ጠርዝ ባለው ላይ ግን ያው ጭረት ፈልጎ የሚያገኘው የለም።

ስፋትም አከራከረን። ሰፊው ካርታ ለዓይን ደስ ይላል፤ ጠባቡ ግን ጣቱ ለደነደነና ለሚንቀጠቀጥ እጅ ይመቻል። ኦዴት ጠባቡን መረጠች፤ የማንን እጅ እያሰበች እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ከዚያም ስሕተቷ መጣ። ፕላስቲክ ይታጠባል ተብሎ ስለተጻፈ፣ አንዱን ደኅና እሽግ ከሰሃኖቹ ጋር በዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከተተችው። ሲወጣ ካርታዎቹ ሁሉ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተቆልምመው ነበር። አንዱን አንሥታ ልታቃናው ሞከረች።

«እጠበው አለ እንጂ ቀቅለው አላለም» አለች በመጨረሻ። ቀጣዩን በለብታ ውሃና በሳሙና በእጇ አጥባ፣ ካርታዎቹን በፎጣ እያንዳንዳቸው አደረቀቻቸው፤ የሆረስ ቋሊማ የማያሸንፈው ካርታ እንዳለም በዚህ አረጋገጠች።

አንድ ነገር ግን አልተፈታም። ከእሽጎቹ መካከል ቁጥራቸው በትልቁ የታተመ፣ ከክፍሉ ማዶ የሚነበቡ ነበሩ። ለአልሲድ ዓይን የሚስማሙት እነዚህ መሆናቸው ግልጽ ነው። ሆኖም መንደሩ እነሱን የሚያውቃቸው በአረጋውያን መጦሪያው አዳራሽ ነው። አልሲድ ያን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ካየ ባርኔጣውን ዳግመኛ የሚሰቅልበት ምክንያት የለም።

ማክሰኞ ጠዋት ስልክ ደወለችለት። «አልሲድ፣ ካርታ ጠፍቶብኝ አይደለም፤ በዝቶብኝ ነው። ና ፍረድ።»

ፍርድ የሚወድ ሰው ስለሆነ መጣ። እሽጎቹን ሁሉ ፊቱ ደረደረችለት። እሱም ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ገመድም እንዲህ ነው የሚመረጠው» አለ። «በዓይን የመረጥከው ገመድ መካከል ላይ ይበጠሳል።»

እያንዳንዱን እሽግ በአውራ ጣቱ ሸርተት እያደረገ ወደ ጆሮው አስጠጋ። አንድ ካርታ ያጎብጣል፤ ይለቃል፤ በጠረጴዛው ላይ ይልካል፤ የት እንደቆመም በእጁ ይፈልጋል። ከብዙ ማመንታት በኋላ መዳፉን ባንዱ እሽግ ላይ ጫነ።

«ይኸ ነው። ይኸ ካርታ የሚያደርገውን ያውቃል።»

«እስቲ ደግሞ እየው።»

«አይቻለሁ።» ከዚያ ዓይኑን ገለጠና ባለትልልቅ ቁጥሮቹን በአንድ ጣቱ ወዲያ ገፋ፤ እነሱን ለማየት አልተቸገረም። «እነዚህን ግን ሾርባ ለሚያጎርሷቸው ሰዎች ላኪላቸው።»

የመረጠው እሽግ በእውነትም ከሁሉ የተሻለ ነበር፤ ኦዴትም በልቧ ያንኑ መርጣ ነበር። ቁጥሮቹ ግን የጤፍ ያህል ናቸው። እሱ ሲሄድ ሣጥኑን እያገላበጠች ስታነብ ቆየች፤ አንድ ነገር መጠየቅ የቀራት ሰው ፊት ነበራት። በማግሥቱ ለካርታ ሠሪው ደወለች። ያው ካርታ፣ በዚያው ፕላስቲክ፣ በዚያው ውፍረትና ስፋት፣ በትልቅ ቁጥርም ይታተም ኖሯል።

«አልዋሸውም» አለችኝ። «ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ። ካልወደደው ደግሞ ይቀየር ማለት መብቱ ነው፤ ይኸው የመረጠውም መደርደሪያው ላይ አለ።»

ሐሙስ ደረሰ። አልሲድ ባርኔጣውን ሰቅሎ ተቀመጠ። ኦዴት አዲሱን እሽግ በወዘች፤ ድምፁ የወፍ ክንፍ ይመስል ነበር። ከዚያ አደለች። ኡና የደረሳትን አነሣች፤ ቁጥሮቹን አየች፤ አፏንም ከፈተች።

«ኧረ የኔ ማር፣ እነዚህ እኮ የ...»

ኦዴት ቀና ብላ አየቻት። ኡና በሕይወቷ ሙሉ ሳትጨርስ የተወችው ዓረፍተ ነገር እሱ ብቻ ይመስለኛል።

አልሲድ ካርታዎቹን አንሥቶ ለረጅም ጊዜ አያቸው። ሆረስ ማላመጡን አቆመ። እሱ የመረጠው ባለትንሽ ቁጥሩ እሽግ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ የሚያስፈልገው ሁለት ቃል ብቻ፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀውም አልነበረም። አንዱን ካርታ አጎበጠና ለቀቀው፤ ወደ ጆሮውም አስጠጋው።

«እኔ የመረጥኩት ነው?»

«አንተ የመረጥከው ነው።»

«ቁጥሮቹ ያኔ እንዲህ አልነበሩም።»

«አልነበሩም።»

«ምን ሆኑ?»

ኦዴት የእጇን ካርታ አስተካከለች። «አብጠው ነዋ። በዚህ አገር የማያብጥ ምን አለ?»

ሆረስ ሆዱን ቁልቁል ተመለከተ። «እውነቷን ነው፣ ካፒቴን። እኔ እዚህ ስመጣ ቀጭን ነበርኩ።»

ኡና ጠረጴዛውን እየመታች ሳቀች። አልሲድ ግን ካርታዎቹን ከዓይኑ ትንሽ ራቅ አደረገ፤ ከዚያም ይበልጥ አራቃቸው፤ ክንዱ ሙሉ እስኪዘረጋ ድረስ። በዚያም ርቀት ሲያነብባቸው ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

«አንድ ካርታ አድዪኝ» አላት። «የማይረባውን ጥያለሁ።»

ዙሩ ሲያልቅ ካርታዎቹን አንድ በአንድ እየጠራ ዘረጋ። «አበባ፤ አበባ፤ አበባ፤ አበባ፤ አበባ። ነይ ቁጠሪ፣ ኡና። መነጽርሽን ላውስሽ?»

«ለማዋስማ መጀመሪያ ለራስህ ግዛ» አለችና ሦስት ንግሥቶችና ሁለት አራቶች ዘረጋች። «ጠጠሩን ወዲህ፣ ካፒቴን።»

ካርታዋን ጎንበስ ብሎ አየ፤ እውነቷን ነበር፤ ሦስት ከሁለት ጋር አምስት አበባን ይረታል። ተሸነፈ። ሳቀም፤ በዚያ ክረምት ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሌሎቹ ሲወጡ እሱ ቆየ። የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በካርታው እሽግ አጠገብ አስቀመጠው።

«ቤት አድርሺኝ። ሰኞ ደግሞ ሥራ ከሌለሽ ከተማ ድረስ ትወስጂኛለሽ። የዓይን ሐኪም ዘንድ።»

«ሥራ የለኝም።»

ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቆመ። «የፖስታ ሣጥንሽን የገጨሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይኸን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልሽ?»

«ካርታ እየመረጥኩ ነበር» አለች ኦዴት፤ ቁልፉንም አነሣች።