ታይፎይድ ነው አልልም

መጀመሪያ የመጣው ሳል ነው። ደረቅ ሳል፣ ከየካ አባዶ ወደ ቦሌ ሚካኤል በምሄድበት ታክሲ ውስጥ። መንገዱ ረጅም ነው። አንድ ሰው መስኮት ሲከፍት "ኧረ ብርድ!" የሚል ተሳፋሪ ስለማይጠፋ፣ የተዘጋ አየር እየተቀባበልን እንሄዳለን። ረዳቱ ለምዶኝ ስለነበር "ቲቸር፣ ሞተርሽን ጋራዥ አሳዪው" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እኔም እስቃለሁ። ስስቅ ሳሉ ይብሳል።

አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ። ስለዚህ አሁን በዚያው የሕመም መንገድ ላይ ላላችሁት ምልክቶቹን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ሳሉ ከሁለት ሳምንት አለፈ። ቀጥሎ ምግብ አስጠላኝ። ከዚያ የሌሊት ላብ መጣ፤ አንሶላው ይረጥባል። ቀሚሴ ሰፋኝ። በኮንዶሚኒየሙ አብሬያት የምኖረው አክስቴ ሙሉነሽ "ብርድ ነው" ብላ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እያፈላች ታጠጣኝ ጀመር። ጸበልም ጠጣሁ፤ አሁንም እጠጣለሁ።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ሳልኩ። መሐረቤን አየሁት። ደም። ትንሽ ነበር። ደማቅ ነበር። መሐረቡን አጠፍኩት። ተማሪዎቹ አላዩም። የጀመርኩትን ጥያቄ ጨረስኩ። ወጣሁ።

ጤና ጣቢያ አክታ ሰጠሁ፤ የደረት ራጅም ተነሳሁ። ሐኪሟ ነገር አላንዛዛችም።

"ቲቢ ነው። ይድናል። መድኃኒቱ ስድስት ወር ነው፤ አንድም ቀን እንዳታቋርጪ።" ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ። "ዝግ ክፍል ውስጥ አብሮሽ የሚቀመጥ ማን አለ?"

አክስቴንና የክፍሌን ተማሪዎች ጠራሁ። ከዚያ ትዝ አለችኝ። ሶልያና። የጎረቤታችን የወይዘሮ አስካለ ልጅ። ሰባት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠባቧ መኝታ ቤቴ ውስጥ አስጠናታለሁ። በቅርቡ እሷም መሳል ጀምራ ነበር።

"ልጅቷ ቶሎ ትምጣ" አለች ሐኪሟ።

ቤት ገብቼ ለአክስቴ ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ዕቅድ አወጣች። እሷ ትመረመራለች፣ እኔ መድኃኒቴን እውጣለሁ፣ ለጎረቤት ግን ታይፎይድ ነው ይባላል። "ታይፎይድ ያልያዘው የአዲስ አበባ ሰው ማን አለ?" አለችኝ። ገና እንዳላገባሁም አስታወሰችኝ።

"ሶልያናስ?" አልኳት።

"እግዚአብሔር ያውቃል። እሱ ይጠብቃታል።"

"እግዚአብሔርማ ያውቃል። የማታውቀው እናቷ ናት።"

በማግስቱ የማርያም ጽዋ ማኅበር ነበር፤ ተረኛዋ አክስቴ ናት። ጎረቤቱ በየወሩ በተራ እየደገሰ የሚሰበሰብበት፣ ዳቦ የሚቆረስበት፣ ከአንድ ጽዋ የሚጠጣበት ቀን ነው። እኔ መኝታ ቤት ገብቼ በሩን እንድዘጋ ታዘዝኩ። ተኛሁ። ፈራሁ። ከሞት ይልቅ የወይዘሮ አስካለን ፊት ፈራሁ። ጸለይኩ። እንዲያድነኝ አልለመንኩም። ቆሜ እንድናገር ለመንኩት። ከዚያ ማስኬን አድርጌ፣ ሰው በሞላበት ሳሎን አልፌ፣ ክፍቱ ኮሪደር ላይ ወጣሁና ከበሩ ውጭ ዞሬ ቆምኩ።

"ቲቢ ይዞኛል። ታይፎይድ አይደለም። ዛሬ ጠዋት መድኃኒት ጀምሬያለሁ። አብራችሁኝ የምትቀመጡ ሁሉ ተመርመሩ። ወይዘሮ አስካለ፣ ሶልያናን ነገ ጠዋት ይውሰዷት፤ እለምንዎታለሁ።"

አክስቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። አንዷ ሴት ዳቦዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ያን ጊዜ የንስሐ አባታችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔንም ከጾሙ ጀምሮ እያሳለኝ ነው። ነገ አብረን እንሄዳለን፤ ለመሳልም ባልንጀራ ጥሩ ነው" አሉ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ወይዘሮ አስካለ አልሳቁም። ልጃቸውን ይዘው በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ።

"እኔ የሰጠሁሽ እንድታስተምሪያት ነበር።"

ያ ቃል ከደሙ ይልቅ አመመኝ።

ሶልያና ተመረመረች። ቲቢ ነበረባት። ጅምሩ ላይ ነው የተገኘው። ከማን እንደያዛት በእርግጠኝነት ማወቅ እንደማይቻል ሐኪሟ ነግራናለች፤ ወይዘሮ አስካለ ግን ሰላምታዬን መመለስ አቆሙ። የንስሐ አባታችን ነጻ ሆኑ። ተማሪዎቼና አክስቴም እንዲሁ፤ አክስቴ ከዚያ ወዲህ ሾላ ገበያ ላይ የሚያስል ነጋዴ ስታገኝ ሳትመክረው አታልፍም።

መድኃኒቱ ቀላል አይደለም። ሪፋምፒሲን የሚባለው ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋልና እንዳትደነግጡ፤ ማቅለሽለሹም ሆነ የመገጣጠሚያ ሕመሙ ከመጣ ለሐኪም ይነገራል እንጂ ኪኒኑ አይጣልም። እምነት ካለሽ ኪኒኑ ለምን አስፈለገሽ ያሉኝ ዘመዶች ነበሩ። ኪኒኑን የምውጠው በጸበሉ ነው፣ ሁለቱንም የሰጠኝ አንድ አምላክ ነው አልኳቸው። አክታዬ ነጻ ሆኖ ሐኪሟ ስትፈቅድልኝ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ፤ ልጆቻቸውን ከእኔ ክፍል ያስወጡ ወላጆች ቢኖሩም፣ ለቀሩት ተማሪዎች ስለ ሳንባ ሳስተምር አዲስ የተነሳሁትን የራሴን ራጅ መስኮቱ ላይ ለጥፌ የዳነውን ቦታ በጣቴ አሳየኋቸው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ሶልያና ደብተሯን ታቅፋ ከኋላቸው ቆማለች፤ ጉንጯ ሞልቷል።

"ፈተና ደርሷል" አሉኝ፣ ፊቴን ሳያዩ። "ማካፈል አልገባትም። የት ትቀመጥ?"

እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሟንና ከእኔ ጋር ለመሳል ያላፈሩትን አባት እሱ ይባርክልኝ። ዛሬ ውጤታችሁን ይዛችሁ የተቀመጣችሁ፣ ሰው ያውራ። ሰው አውርቶ አንድም ቀን ሳንባ አልበሳም። ጸልዩ፤ መድኃኒታችሁን ዋጡ። ከዚያ ተነሱና አጠገባችሁ የሚቀመጠውን ሰው በር አንኳኩ።