በዝማሜ የሚወዛወዝ ወንበር

አያ አንዳርጋቸው ሰርግ ላይ ካጨበጨበ ዘፈኑ ይበላሻል። ይህን በሰፈራችን የማያውቅ የለም። ከበሮው ወዲህ ሲል እሱ ወዲያ ነው፤ ሰው ሁሉ ትከሻውን ሲያወርድ የእሱ ትከሻ ገና መውጣቱ ነው። ስለዚህ ሚስቱ አማረች ሰርግ በሄዱ ቁጥር በአንድ እጁ ብርሌ፣ በሌላው የሰው ልጅ ታስይዘዋለች። «እጁ ባዶ ከሆነ ሙሽሮቹን ሳይጋቡ ያፋታቸዋል» ትላለች።

እሱ አይቀየማትም። «እግዜር ጆሮዬን ረስቶ እጄን ደገመልኝ» ይላል እየሳቀ።

እጁስ በእውነት የተደገመ ነው። ከቅዳሜ ገበያ በስተጀርባ ባለች የቆርቆሮ ሱቁ ውስጥ አልጋና ቁም ሳጥን፣ በርና መስኮት ይሠራል። አናጢ የሆነበት መንገድ ግን ከቤተ ክርስቲያን ይጀምራል። በወጣትነቱ መቋሚያ ይዞ፣ ወገብንና እግርን ከዜማው ጋር አስማምቶ ማሸብሸብን ሊማር ከመሪጌታ ገብረ ሚካኤል አቋቋም ቤት ገብቶ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰልፉን ሲያፋልስ ከረመ። መሪጌታ አንድ ቀን ከሰልፉ ጠሩት። አልተቆጡትም። እግሩ የተሰበረ አትሮንስ ሰጥተው «ይህችን ጠግናት እስቲ» አሉት። ጠገነ። በማግስቱ ሲጢጥ የሚል በር አሳዩት። ከዚያ መስኮት፣ ከዚያ የጎረቤት ሳጥን። ወደ ሰልፉ የተመለሰበት ቀን የለም። መባረሩን ያወቀው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው ይባላል፤ ያን ጊዜም ሳቀ እንጂ አልከፋውም። ለመሪጌታ ያለው ፍቅር ለአባቱ ከነበረው አይተናነስም።

ዓምና ክረምት መሪጌታን የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ አዳለጣቸውና ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። ሐኪም ቤት ተኝተው ዳኑ፤ በምርኩዝ ከአልጋቸው እስከ ደጃፋቸው ይሄዳሉ። ቆሞ ማስተማር ግን አበቃ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ሞከሩት። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም፣ ጸናጽልም የለም፤ ዜማው የሚሄደው በመቋሚያ ብቻ ነው። መቋሚያው ዘንበል፣ ቀና፣ ዘንበል፣ ቀና የሚልበት ዝማሜ የሚባለው ርጋታ ያለው ስልት ደግሞ የእሳቸው ስም የሚጠራበት ነው። ወንበሩ ላይ እንደ ምሰሶ ተተክለው ያዜማሉ፣ ዝማሜው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይቆማል። «ሰውነቴ ዝም ሲል አፌ መንገዱ ይጠፋዋል» አሉ አንድ ቀን። ከዚያ በኋላ ማስተማሩን ተዉት።

አያ አንዳርጋቸው ይህን የሰማው ከተማሪዎቹ ከአንዱ፣ ከባምላክ ነው። ባምላክ የተሰበረ የሳጥን ማጠፊያ ሊያሠራ ወደ ሱቁ መጣ።

«ምነው፣ አገር ልትገባ ነው?»

«አይ አያ። ወደ ሌላ መምህር ልሄድ ነው።»

«የኔታስ?»

ባምላክ መሬት መሬት አየ። «የኔታማ ዝም ብለዋል። ግማሾቻችን ሄደዋል፤ የቀረነው ከትንሣኤ በኋላ እንሄዳለን። ምን እናድርግ? ቤቱ ሊዘጋ ነው።»

ባምላክ ከሄደ በኋላ አያ አንዳርጋቸው ማጠፊያውን መጠገን ጀመረ። አንድ ነገር ትዝ አለው። ከማራኪ ሰፈር አንድ አስተማሪ የእጅ ማሳረፊያ ክንዱ የተሰበረ ተወዛዋዥ ወንበር እንዲጠግንለት አምጥቶ ነበር። ጠግኖ ሲጨርስ «ልሞክረው» ብሎ ተቀመጠ፤ ባለቤቱ መጥቶ እስኪቀሰቅሰው ድረስ ተኛበት።

ማታ ለአማረች ነገራት።

«ለየኔታ የሚወዛወዝ ወንበር ልሠራላቸው ነው። ቁጭ ብለው በዝማሜ የሚሄዱበት።»

አማረች ግድግዳ እስክትደገፍ ሳቀች። «አንተ? ዝማሜ?»

«እኔ አይደለሁም፣ ወንበሩ ነው።»

«ወንበሩንስ የሚሠራው ማነው?»

ቢሆንም በነጋታው ጀመረ።

መጀመሪያ የመሪጌታን መቀመጫ መለካት ነበረበት። በሜትር አልለካም። በትልቅ ሳፋ እርጥብ ጭቃ ሞልቶ፣ ላስቲክ አልብሶ ቤታቸው ወሰደ።

«በዚህ ዕድሜዬ ጭቃ ላይ ልታስቀምጠኝ ነው?» አሉ።

«ላስቲክ አለው፣ የኔታ።»

«ላስቲክ ያለው ጭቃ ጭቃነቱን ይተዋል?» አሉና ተቀመጡ።

በጭቃው ላይ የቀረው ቅርጽ ሁሉን ነገረው። በተሰበረው በኩል መሪጌታ ክብደታቸውን አይጥሉም፤ ግራው ጎድጓዳ፣ የተሰበረው ቀኙ ጠለቅ ያላለ ነው። ደረቅ የዋንዛ ሳንቃ አጋጥሞ ያንኑ ቅርጽ በመሮ ቆፈረ፣ በሞረድ አለሰለሰ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸው። የጀርባውን ዘንጎች አንድ በአንድ እንደ ሽማግሌ ጀርባ አጎበጣቸው። ክንዶቹን ከትከሻው ላይ እንደሚወርድ ጋቢ እየሳሱ እንዲወርዱ አድርጎ ጠረባቸው፤ ጫፋቸው የሰው መዳፍ ሲያርፍበት ሌላ መዳፍ የያዘ ይመስላል። በሕይወቱ እንዲህ የደከመበት እንጨት የለም።

የቀሩት ሁለቱ ቀስቶች ነበሩ። ቀስት የሚላቸው የወንበሩ እግሮች የሚተከሉባቸውን፣ መሬት ላይ የሚንከባለሉትን ጎባጣ እንጨቶች ነው። መሪጌታ ወደ ኋላ እንዳይገለበጡ ፈርቶ ቀስቶቹን ለጥ አድርጎ ሠራቸው። ራሱ ተቀምጦ ሞከረው። ሸጋ መሰለው። በጋሪ ጭኖ ወሰደው።

መሪጌታ ተቀመጡ፤ ተማሪዎቹ ዙሪያውን ቆሙ። ወንበሩ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ሄደ።

«አንዳርጋቸው» አሉ መሪጌታ፣ ጢማቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «ወንበር ነው በቅሎ?»

«ምነው፣ የኔታ?»

«ይህ ጽፋት ነዋ! በሁዳዴ ጽፋት አስገባህብን?» ጽፋት የበዓል ጭብጨባ ነው፤ ፈጣን። ተማሪዎቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። መሪጌታ ግን የአያ አንዳርጋቸውን ፊት አይተው ቶሎ ለዘብ አሉ። «ለመተኛ ሸጋ ነው። ተወው፣ እዚሁ ይሁን።»

ከቀልዱ ይልቅ ይህ ማባበል ጎዳው። ወንበሩን መልሶ ጫነው።

ቀጥ ያለ ነገር ዝግ ይላል ብሎ አሰበና ቀስቶቹን ይበልጥ ለጥ አደረጋቸው። ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ሲሞክረው አማረች ከጓዳ ሆና ጮኸች።

«ባሰበት እኮ!»

«ሳታዪው እንዴት አወቅሽ?»

«በጆሮዬ።»

አማረች ተወልዳ ያደገችው ከደብር አጥር ሥር ነው። ማሕሌት ገብታ ባታሸበሽብም ከሕፃንነቷ ጀምሮ በዚያ ዜማ ተኝታ በዚያ ዜማ ነቅታለች። ደግሞም ትንሽ ናት፤ አጥንቷ እንደ መሪጌታ ቀጭን ነው። አያ አንዳርጋቸው ይህን ያን ቀን ልብ አለ። ራሱ ረጅምና ግንደ ወፍራም ሆኖ ሳለ ወንበሩን በገዛ ገላው ሲለካ ነበር።

«ነይ ተቀመጪበት።»

«እኔ? ሰው እያየኝ?»

«ነይ ስልሽ።»

ተቀመጠች። ጎረቤታቸው እናኑ በአጥሩ በኩል ስታልፍ አየቻት። «አማረች! ነገሥሽ እንዴ?»

«ሂጂ ወዲያ፣ ሥራ ላይ ነኝ!»

ወንበሩ እሷንም ጠቅ ጠቅ አደረጋት። ሳንቃው ስለቆረቆራት ጋቢ አጣጥፋ ከሥሯ አደረገችና እንደገና ተወዛወዘች። ባልና ሚስቱ ተያዩ።

«ዘገየ» አለች።

«ምን አደረግሽው?»

«ምንም። ከፍ ብዬ ተቀመጥኩ።»

አያ አንዳርጋቸው በርከክ ብሎ ቀስቶቹን አያቸው። የራሱን ጋቢ ጨመረ፤ ወንበሩ ይበልጥ ዘገየ። ሁለቱንም አወጣ፤ ፈጠነ። መቀመጫው ከፍ ሲል ከዘገየ፣ ቀስቱም ለጥ ሲል ከፈጠነ፣ ሲጎብጥ ይዘገያል ማለት ነው። እሱ በፍርሃት ተቃራኒውን መንገድ ሲሄድ ከርሟል። መጉበጥ አለበት፤ የመገልበጡን ነገር ደግሞ የኋላ ጫፉን በማስረዘም ይከላከለዋል። ግን እንዲህ የጎበጠ ቀስት ከሳንቃ ቢቆረጥ ጫፉ ላይ ይሰበራል። ራሱ ጎብጦ የበቀለ እንጨት ያስፈልጋል።

ማክሰኝት አጠገብ አያ ቢያዝን የሚባል ገበሬ ያውቃል። ገበሬ ለማረሻ እጀታ፣ ለእርፍ የሚሆን ጎባጣ እንጨት ካገኘ አይጥልም፤ ጣሪያ ሥር ሰቅሎ ያደርቃል። አያ ቢያዝንም ንፋስ የጣለው የወይራ ቅርንጫፍ ጭስ ላይ ሰቅሎ ነበር።

«ይህንማ ለእርፍ ነው ያኖርኩት። ወንበር ያርሳል እንዴ?»

«ለመሪጌታ ነው፣ አያ።»

«የትኛው መሪጌታ?»

«ገብረ ሚካኤል።»

አያ ቢያዝን ቅርንጫፉን አወረደው። «ጥምቀት ላይ አይቻቸዋለሁ። ሲያዘነብሉ ሰዉ ሁሉ አብሮ ያዘነብል ነበር» አለ። ከዚያ ቶሎ ብሎ «ወንበሩ ሲያረጅ ግን ለእርፍ ትመልስልኛለህ» ሲል ጨመረ።

አያ አንዳርጋቸው ቅርንጫፉን በሽብልቅ ከመሀል ለሁለት ፈለጠው። መንታ ወጣ፤ አንዱ የሌላው ወንድም። ወንበሩን በላያቸው ተከለና አማረችን አስቀመጠ። እሷ ታንጎራጉራለች፤ እሱ ወንበሩን እየገለበጠ በሞረድ ትንሽ ይልጋል፤ እንደገና ትቀመጣለች።

«ገና።»

ይልጋል።

«ገና ነው። መጨረሻው ላይ ይቸኩላል።»

ይልጋል። ትከሻው ዛለ፣ ፀሐይም አዘቀዘቀች። አንድ ጊዜ አማረች መናገር ተወች። ቀና ሲል ዓይኗ ተከድኗል፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«አትንካው» አለች።

በሆሳዕና ሳምንት ወንበሩን ወሰደው። መሪጌታ ሁለት ጊዜ ተወዛወዙና አቆሙ። እጃቸውን ዘርግተው መቋሚያቸውን ጠየቁ፤ ባምላክ አቀበላቸው። ሊያዘነብሉት ሲሉ መቋሚያው ከወንበሩ ቀኝ ክንድ ጋር ተጋጨ። እንደገና ሞከሩ፤ ተጋጨ። መቋሚያውን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

አያ አንዳርጋቸው መጋዙን ከከረጢቱ አወጣ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«እጅዎን ያንሱልኝ፣ የኔታ።»

«ተው! እንዲህ የተጠረበ ክንድ! እኔ እችለዋለሁ፣ በግራዬ እይዛለሁ።»

«በግራ ዝማሜ የለም፣ የኔታ። ይህን እኔም አውቃለሁ።»

ያን የደከመበትን ክንድ ከመሀሉ ቆረጠው። ጫፉ፣ መዳፍ የሚያርፍበት ያ ለስላሳ ጫፍ፣ ወለሉ ላይ ወደቀ። ማንም አላነሳውም።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ያዙ። መጀመሪያ ወንበሩ ብቻውን ሄደ። ቀጥሎ መቋሚያው ዘንበል አለ። ከዚያ ድምፃቸው መጣ፤ ቀጭንና የተሰነጠቀ ነበር፣ ዝማሜው ላይ ሲደርስ ግን አልቆመም። ተማሪዎቹ ሳይጠሩ ሁለት ረድፍ ሆኑ።

አያ አንዳርጋቸው በሩ አጠገብ ቆሞ ሰማ። ልክ ይሁን አይሁን ማወቅ አልቻለም። የተማሪዎቹን ትከሻ አየ፤ አብሮ ይወርዳል፣ አብሮ ይነሣል። ይህም ለእሱ በቂ ማስረጃ አልነበረም። በመጨረሻ መሪጌታ ድንገት አቁመው መቋሚያቸውን በባምላክ ላይ ቀሰሩ።

«አንተ! ወገብህን የት አደረስከው? እንደ ተቀቀለ ድንች ነው እንዴ የምትዘምመው? ከመጀመሪያው!»

አያ አንዳርጋቸው መጋዙን ይዞ ወጣ። ማንም አላየውም።

አማረች ደጃፍ ላይ ትጠብቀው ነበር። «እንዴት ሆነ? ምን አሉህ?»

«ምንም አላሉኝም።»

«ምንም?»

«ባምላክን ሰደቡት።»

«በደንብ?»

«በደንብ። ሁሉንም ከመጀመሪያው አስጀመሯቸው።»

አማረች አማተበች። ከዚያ እግሩን የሚታጠብበት ውሃ ልታመጣለት ወደ ጓዳ ገባች።