አንድ ጤነኛ ሰው ይፈለጋል

ሠፈሩ ሁሉ «ሲስተር» የሚላት ነርስ አስራ አንድ ዓመት ከሠራች በኋላ ማስተርስ ጀመረች። ትምህርቱ ግማሹ በኦንላይን፣ ግማሹ በሆስፒታል ልምምድ ነው። ሁለቱንም የሚመራው አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው ይባላል እንጂ ሁለቱ ክፍሎች ተዋውቀው የሚያውቁ አይመስሉም። ጠዋት ልምምዱ እግሯን ይፈልጋል፤ ከሰዓት ኦንላይኑ ፊቷን ይፈልጋል። ሰባት ሰዓት ላይ ከሆስፒታል ትወጣለች፤ ሰባት ተኩል ላይ ካሜራ ፊት ቀርባ «ተገኝቻለሁ» ትላለች። ብዙውን ጊዜ የተገኘችው ታክሲ ውስጥ፣ የኋላ ወንበር ላይ ነበር።

የሴሚስተሩ ዋና ፈተና አንድ ቪዲዮ ነው። ተማሪዋ አንድን ሰው ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ትመረምራለች፤ ያገኘችውንም ጮክ ብላ ትናገራለች። ቀረጻው ሃያ ደቂቃ ሲሆን አይቆረጥም፣ አይቀጠልም። ዓርብ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ መቀበያው ይዘጋል። ያላስገባ ተማሪ ኮርሱን ከነልምምዱ በሚቀጥለው ዓመት ይደግማል። መመሪያው አንዱን መስመር በደማቅ ቀለም ጽፎታል፦ ተመርማሪው ጤነኛ መሆን አለበት።

ሲስተር በየጠዋቱ አስራ አራት ሰው ትመረምራለች። አንዳቸውም ለትምህርቷ አይረቡም፤ ሁሉም ታመዋል። የምትለማመድበትን የሕሙማን ክፍል ኃላፊ ብታማክራት፣ «እኛ ዘንድ ጤነኛ አይተኛም እህቴ፤ ጤነኛ የሆነ ዕለት እናስወጣዋለን» አለቻት።

ባሏ ለሥራ ከከተማ ወጥቷል። ጎረቤቷ እሺ ብላ ነበር፤ ልብስ ማውለቅ እንዳለ ስትሰማ ልጇን ከትምህርት ቤት የምታመጣበት ሰዓት ድንገት ደረሰ። በመጨረሻ የተገኘው የእናቷ ወንድም ነው። አርባ ዓመት ፎቶ ቤት የሠራ ጡረተኛ ሲሆን፣ «ክኒን የሚባል ነገር በአፌ ገብቶ አያውቅም» እያለ ሲምል የኖረ ሰው ነው።

ዓርብ አስር ሰዓት ላይ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ ቤቷ መጣ።

«ጋሼ፣ ሸሚዝዎን ማውለቅ አለብዎት።»

«በዚህ ብርሃን?»

የመጀመሪያው ቀረጻ አራተኛው ደቂቃ ላይ ተበላሸ። ዓይኑን ስታይለት ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሮ፣ «መስኮቱ ከኋላዬ ነው እኮ! የከሰለ ድንች መስያለሁ» አለ። መብራት አዛወሩ። በሁለተኛው፣ በረጅሙ ይተንፍሱ ሲባል ትንፋሹን ይዞ ፈገግ አለ፤ ደንበኞቹን አርባ ዓመት ያስተማረው ይህንኑ ነው። አልፎ ተርፎም፣ «አንቺም አገጭሽን ዝቅ አድርጊ፣ ፍርሃትሽ ይታያል» አላት።

ሦስተኛው አስራ አንድ ከሃያ ላይ ተጀመረ። ከዚህ በኋላ ሌላ ቀረጻ የሚበቃ ሰዓት የለም። ሲስተር የምትለውን ሁሉ በታክሲ ውስጥ በቃሏ አጥንታለች። ጸጉር፣ ጤናማ። ዓይን፣ ጤናማ። ጆሮ፣ ጤናማ። ሁሉም በሰዓቱ ይወርዳል። እጁን ያዘችና ለካሜራው በጠራ ድምፅ፣ «የልብ ምት በደቂቃ ሰባ ስድስት፣ የተስተካከለ» አለች።

ከዚያ በኋላ ነው ጣቶቿ የነገሯት። ሁለት ምት ተከታትሎ ይመጣል፣ ሦስተኛው ይቀራል፤ ቀጥሎ አራት አምስቱ በአውቶቡስ በር እንደሚጋፋ ሰው ተደራርበው ይገባሉ።

«ጋሼ፣ ሰሞኑን ይደክምዎታል?»

«ይሄ ጥያቄ ቅድም አልነበረም» አለ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፤ ፈገግታው እንዳለ ነው።

«ይንገሩኝ።»

«ደረጃ ስወጣ ትንሽ ያፍነኛል። ጥፋቱ ደረጃውን የሠራው ሰው ነው። ቀጥይ እንጂ፣ ሰባት ደቂቃ ነው የቀረሽ!»

ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ያልብዎታል።»

«መብራቱ ነው።»

መብራቱ ከተዛወረ ወዲህ እሱን አያሞቀውም። እውነቱን ለመናገር፣ ሲስተር ሰዓቷን አየች። ሆዱን፣ ጉልበቱን፣ እግሩን ጤናማ ጤናማ ብላ ጨርሳ፣ ቪዲዮውን ልካ ሆስፒታል ልትወስደው ትችላለች። ሰባት ደቂቃ ምን አላት? ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጋ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞረች።

«ቅድም ሰባ ስድስት ያልኩት ሳልቆጥር ነው። መቶ አርባ ሁለት ነው፤ ይዘላልም።»

ቀረጻውን አቋረጠችው።

«ምነው! እግሬ ቀረ እኮ!»

«እግርዎ ደህና ነው። ሸሚዝዎን ይልበሱ።»

«አንቺ ልጅ፣ ዓመት ሙሉ ልትደግሚ ነው? ልቤ ነገም እዚሁ ናት፣ የትም አትሄድም!»

«ይልበሱ አልኩ ጋሼ።»

አስራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ሲስተር ድንገተኛ ክፍል በር ላይ የአጎቷን ኮትና ክራቫት ታቅፋ ቆማ ነበር። ሐኪሙ የልብ ምርመራውን ወረቀት አይቶ፣ «ዛሬውኑ መምጣታችሁ ጥሩ ነው። እስከ ነገ ብትቆዩ ኖሮ ደም ረግቶ ወደ አንጎሉ ሊወጣ ይችል ነበር» አለ። አስተኙት።

ሰኞ ዕለት የተቋረጠውን ቪዲዮ አያይዛ ለሁለቱም የዩኒቨርሲቲው ክፍሎች አመለከተች። ኦንላይኑ፣ ቀረጻው እንደተቋረጠና ተመርማሪው ጤነኛ እንዳልሆነ ገልጾ መለሰላት። ልምምዱም፣ ያ ምሽት ከፈረቃዋ ውጭ ስለሆነና ሆስፒታል የገባችው በአስታማሚነት ስለሆነ ሰዓቱ በልምምድነት አይመዘገብም አለ። ሰውየው ለአንዱ ታመመበት፣ ለሌላው በሰዓቱ አልታመመም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የኮሚቴው ደብዳቤ ደረሰ፦ «ኮሚቴው ተማሪዋ የወሰደችውን ሙያዊ እርምጃ በአድናቆት ተመልክቷል። ውጤቷ ዜሮ ሆኖ ይጸናል።»

አጎቷ ተቆጣ። «መድኃኒቴን እየዋጥኩ ነው፣ አሁን ጤነኛ ነኝ በያቸው!»

በዓመቱ ልምምዱን እንደ አዲስ ጀመረች። የክፍሉ ኃላፊ አዲስ መዝገብ ከፍታ፣ ሲስተር የልብ ምት መቁጠር መቻሏን በዓይኗ አይታ መፈረም ነበረባት። ሁለቱም ሳይሳሳቁ ወደ መጀመሪያው አልጋ ሄዱ። ሲስተር የታማሚዋን እጅ ይዛ ሰዓቷ ላይ አፈጠጠች። ግማሽ ደቂቃ አለፈ። ኃላፊዋ፣ «በቃ፣ በሁለት አባዥው፤ ልፈርም» አለቻት። ሲስተር ዓይኗን ከሰዓቷ አላነሣችም።

«ምነው ዝም አልሽ ልጄ፣ ክፉ ነገር አለ እንዴ?» አሉ ታማሚዋ።

«የለም እማማ፤ እየቆጠርኩ ነው።»