በሦስት የሚከፈለው ጀልባ

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተጀርባ፣ ወደ ገርጂ በሚያወጣው የጭቃ መንገድ ዳር ነበር። ዛሬ ፎቅ የቆመበት መሬት ያኔ ጤፍ የሚዘራበት ሜዳ ስለነበረ አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ሲል ቆርቆሮአችን ይንቀጠቀጣል፣ ውሾች ይጮኻሉ። ግቢ የምንጋራቸው አናጺ ጋሽ ወርዶፋ ይባላሉ። አመሻሽ ላይ፣ ሰዓት እላፊ ሳይገባ፣ በአሮጌ ቆርቆሮ በከለሏት የሥራ ቦታቸው ፋኖስ ሰቅለው፣ ፍም ላይ የሙጫ ጣሳ ጥደው ተረት ይነግሩኝ ነበር። ሙጫው ከከብት ቆዳና ሰኮና የሚወጣው ዓይነት ነው፤ ሲሞቅ ክፉኛ ይከረፋል። ስለ ልጅነታቸው የሚጽፉ ሰዎች የምድጃ ጭስ መዓዛ ሲያወድሱ አነባለሁ። የእኔ ልጅነት የሚሸተው ሰኮና ነው።

ጋሽ ወርዶፋ የዝዋይ ሐይቅ ዳር ሰው ናቸው። አዲስ አበባ የገቡት በወጣትነታቸው ሲሆን ያኔ በአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ የዕቃ ሳጥን እየጠገኑ ይኖሩ ነበር። ተረታቸው ሁሉ የሚጀምረው ሐይቁ ጋ ነው። «ሐይቁ ዳር ነው» ይሉና ዝም ይላሉ፤ «እሺ» ካላልኩ አይቀጥሉም። ደጋግሜ ያስነገርኳቸው የወፍራሙን ባላባት ተረት ነው። ባላባቱ ለክብሩ የሚመጥን ጀልባ ፈልጎ፣ ከሐይቁ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ የበቀለ ትልቅ ዋርካ አስቆረጠና እዚያው አስጠረበው። ሲያልቅ አርባ ሦስት ሰው ቢጎትተው ንቅንቅ አልል አለ። ባላባቱ ግን አላፈረም። ጀልባው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠና በደረቅ መሬት ላይ ይቀዝፍ ጀመር፤ አላፊ አግዳሚውም ጎንበስ ብሎ «ጌታዬ፣ በደኅና ተሻገሩ?» ይለው ነበር።

«ለምን አርባ ሦስት ሆኑ?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«ብዙ ሰው ጎተተው ብልሽ ትሰሚኛለሽ እንጂ አታዪውም» አሉኝ፣ ጣሳውን በእንጨት እያማሰሉ። «አርባ ሦስት ስልሽ ግን ሦስቱን ታዪያቸዋለሽ። ዘግይተው የመጡት እነሱ ናቸው። ተረት ስታወሪ ቁጥር አትርሺ፣ ትርሲት።»

አልረሳሁም።

ጀልባውን የጀመሩት ግን ለተረት አልነበረም። ታናሽ ወንድማቸው ገመቹ ሐይቁ ላይ ዓሣ እያጠመደ አምስት ልጆች ያሳድግ ነበር። የሚቀዝፈው ከደንገል የታሰረ ታንኳ ነው። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ጥቂት ሳምንት ከዋለበት በኋላ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፣ ከሰውየው ጋር ዝቅ ዝቅ ይላል። አንድ ክረምት ላይ ታንኳው ከነመረቡ ተገልብጦበት፣ ጉማሬ በሚውልበት ውሃ እየዋኘ መውጣቱን የሚናገር ደብዳቤ መጣ። የጋሽ ወርዶፋ ዓይን በፋኖስ ፊደል አይለይላቸውም ነበርና ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ሁለተኛ ዋኝቶ አይወጣም» አሉ።  በማግሥቱ ከሥራ ሲመለሱ የተጣለ ሳጥን በትከሻቸው ተሸክመው መጡ።

የእንጨት ጀልባ መሥራት አላስቸገራቸውም፤ ያስቸገራቸው ማድረሱ ነው። አስፋልቱ ከሚቀርበት እስከ ገመቹ ጎጆ ድረስ መኪና የማይረግጠው ረግረግ አለ። ስለዚህ ጀልባው በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ባለው የዕቃ መጫኛ፣ በፖርቶመጋላው ተጭኖ፣ ከዚያ ወርዶ በሰው ትከሻ መሄድ ነበረበት። ጋሽ ወርዶፋ በፍሙ ዳር በከሰል እየሣሉ፣ እየደመሰሱ፣ ተረቱን መሐል ላይ እያቋረጡ ያገኙት መላ ይህ ነው፤ ጀልባው ሦስት ሳጥን ይሆናል። የፊተኛውና የኋለኛው ሳጥን ሲፈቱ መካከለኛው ሆድ ውስጥ ይገባሉ፣ ድስት በድስት ውስጥ እንደሚቀመጠው። እያንዳንዱ በራሱ ግድግዳ የተዘጋ ስለሆነ አንዱ ቢቀደድ ሁለቱ አይሰጥሙም። የሚያያዙት በስምንት ብሎን ነው፤ ብሎኖቹም መፍቻ የማይሹ፣ በጣት የሚጠብቁ ናቸው። እንጨቱ ስስ ኮምፔንሳቶ፣ ተነባብሮ የተጣበቀ ጣውላ ነው፤ ሙጫው ውሃ ስለማይችል ላዩን አቡጀዲ አልብሰው ሬንጅ ቀቡት። አንድ ጎልማሳ ከሦስቱ የትኛውንም ሳጥን ብቻውን ይሸከማል።

የሞከርነው ገርጂ አጠገብ፣ ክረምት ውሃ በሞላው የድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ፣ ካባ ውስጥ፣ አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ነው። እሳቸው መካከለኛውን፣ እኔና እናቴ የተረፉትን ተሸክመን ሄድን። ካባው ውስጥ ያበጠ የውሻ ሬሳ ይንሳፈፋል፤ ጋሽ ወርዶፋ በረጅም እንጨት ወደ ዳር ገፉትና «ቁጠሪ» አሉኝ። እሳቸው ሳጥኖቹን ሲገጥሙ እኔ ጮክ ብዬ ስቆጥር ስምንተኛው ብሎን ሁለት መቶ አሥር ላይ ጠበቀ። ጀልባው ተንሳፈፈ፤ ወዲያው ደግሞ በመገጣጠሚያው ማፍሰስ ጀመረ። እሳቸው እግራቸው በዚያ አረንጓዴ ውሃ ውስጥ እየሰመጠ ቀዳዳውን በጣታቸው ሲፈልጉ፣ እናቴ ከዳር ቆማ «ጋሽ ወርዶፋ፣ ዛሬስ ዓሣው እርስዎን ሊያጠምድ ነው» አለቻቸው።

«ያጥምደኝ» አሉ ቀና ሳይሉ። «አጥንት መሆኔን ሲያይ ራሱ ይመልሰኛል።»

በሳምንቱ በሳጥኖቹ መሐል ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ጥብጣብ አስገቡበት። ከዚያ ወዲያ ጠብታ አላስገባም። ለገመቹ «ከበዓሉ በኋላ ገመድ ይዘህ ና» የሚለውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በዓሉ የአብዮት በዓል ነው። ቀበሌያችን የነዋሪዎችን የፈጠራ ሥራ ለሕዝብ ለማሳየት ወስኖ ስለነበር ሊቀመንበሩ ሁለት የጥበቃ ጓዶች አስከትሎ ግቢያችን ገባ። ይህ ሰው ወረቀት ከመግለጡ በፊት ጣቱን በምላሱ ያርስ ነበር፤ ልማዱ ስለጸናበት ወረቀት በሌለበትም ያርሳል። በዚያ እርጥብ ጣት ጀልባውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው።

«ለሦስት ቀን ብቻ ነው፣ ጓድ ወርዶፋ» አለ።

ያኔ እምቢ አይባልም። ጋሽ ወርዶፋ ራሳቸው ፈትተው፣ በሦስት ዙር ተሸክመው የቀበሌውን ጠባብ በር አሳለፉት። ሳጥኖቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሊቀመንበሩ ፊት ተለወጠ።

«ይሄ ለምን ይለያያል?»

«ለመሸከም ነው፣ ጓድ። ውሃው ጋ ሲደርስ ይገጠማል።»

«እናት አገር አንድ ናት እያልን በበዓሉ ዕለት በሦስት የሚከፈል ነገር ለሕዝብ ልናሳይ ነው?» ጣቱን አራሰ። «የበላይ አካል መጥቶ ይሄ ምን ማለት ነው ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ለመሸከም ነው ልበለው?»

ይህን የምጽፈው ለማሳቅ አይደለም። አጠገባቸው ቆሜ ሰምቼዋለሁ፤ ከነበሩት ሰዎችም አንድ የሳቀ የለም። ሌላ አናጺ ተጠራና ሦስቱን ሳጥን ገጥሞ በስምንት ቁጥር ምስማር ዙሪያውን መታቸው። ብሎኖቹ ወልቀው ቀዳዳቸው በእንጨት ተደፈነ። ላስቲኩ መልኩን ያበላሻል ተብሎ እየተቆረጠ ወጣ። ከዚያ ሁሉም ነገር፣ ውስጡ ሳይቀር፣ ቀይ የዘይት ቀለም ተቀባ። ጋሽ ወርዶፋ «ቀስ በል፣ ስስ ነው» ብቻ ሲሉ ሰማኋቸው። ምስማሩ በተመታ ቁጥር የዓይናቸው ቆብ ይርገበገብ ነበር።

ጀልባውን ለሕዝብ የሚያስተዋውቅ ልጅ ሲፈለግ፣ በትምህርት ቤት በተረት አዋቂነቴ እታወቅ ነበርና እኔ ተመረጥኩ። የተሰጠኝ ጽሑፍ ጀልባው «በጓድ ሊቀመንበራችን አመራር፣ በቀበሌው ጓዶች የጋራ ጥረት» መሠራቱን ይናገራል። የጋሽ ወርዶፋ ስም የለበትም። ለእናቴ አሳየኋት።

«ስኳሩንና ዘይቱን የምንወስድበትን ኩፖን ማን ነው የሚሰጠን?» አለችኝ፣ ጸጉሬን እየጎነጎነች። ቀና ብላ አላየችኝም። «በይውና ውረጂ። ከአፍ ወጥቶ ያልቃል።»

በበዓሉ ዕለት ሊቀመንበሩ ቀዩ ጀልባ ውስጥ ገብቶ፣ መቅዘፊያውን አቁሞ፣ በደረቅ መሬት ላይ ፎቶ ተነሣ። ባላባቱ ትዝ አለኝና ሳቄን ስታገል ተራዬ ደረሰ። ጽሑፉን በቃሌ አልኩት። ሕዝቡ ፀሐይ እየመታው፣ ጀርባውን ሰጥቶ የራሱን ወሬ ያወራል። እኔ ተረት ስጀምር ሰው ዝም ሲል ነበር የማውቀው፤ ያን ቀን ማንም አልሰማኝም። ስለዚህ ጽሑፉ ካለቀ በኋላ አልወረድኩም።

«ጓድ ሊቀመንበራችን በዚህ ጀልባ ቆቃ ላይ ወጥተው» አልኩ፣ «በመጀመሪያው ቀን አሥራ ሰባት ቆሮሶና ሁለት አምባዛ አጠመዱ።»

ከኋላ ያሉት ዞሩ።

«ካንደኛው አምባዛ ርዝመት የተነሣ ጭራው ከጀልባው ውጭ ተንጠልጥሎ ነበር የመጣው።»

ጭብጨባው ቀለጠ። አንዲት ሴትዮ እልል አለች። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ደንገጥ ብሎ ዘወር ብሎ አየኝ፤ ቀጥሎ ግን ዓሣውን በእርግጥ ያጠመደ ይመስል ደረቱን ነፋ። ዓይኔ እያየ ነው ያመነው። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው፤ ፈርቼ አልነበረም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጋሽ ወርዶፋ ከቆርቆሮው አጥር ሥር ቆመው ሰምተውኛል። ወደ ቤት ስንመለስ ከፊት ከፊቴ ይራመዱ ነበር፤ ግቢያችን በር ላይ ደረስኩባቸው።

«ጋሼ፣ ቁጥሩን አልረሳሁም እኮ» አልኳቸው፣ እንዲያመሰግኑኝ ፈልጌ።

«ሰምቻለሁ» አሉ። በሩን ከፈቱና እንድገባ ጠበቁኝ። «እኔ ስነግርሽ ተረት መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። የዛሬዎቹ አያውቁም።»

ያን ቀን ማታ ሙጫ አልጣዱም፤ ፋኖሱም አልተሰቀለም።

ገመቹ ከሦስት ቀን በኋላ ከአንድ ጎረቤቱ ጋር መጣ። ሁለት ጥቅል ገመድና ትከሻ ላይ የሚነጠፍ ጆንያ ይዘዋል። ቀበሌ ግቢ ገብቶ ጀልባውን አንድ ጊዜ ዞረውና «ብሎኑ የታለ?» አለ። ጋሽ ወርዶፋ ምስማሩን አሳዩት። አንዱን ለመንቀል ሲሞክሩ ስሱ ኮምፔንሳቶ ስንጥቅ እያለ አብሮ ተነሣ። ሳይፈታ እንዳይወስዱት በሩ አያሳልፈውም፤ የገባው ተከፍሎ ነበርና። አጥሩን ለአንድ ሰዓት እንፍታና መልሰን እንምታው ብለው ሊቀመንበሩን ለመኑት። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ለበላያችን፣ ለከፍተኛው ሪፖርት ሆኗል» አለ። «የሕዝብ ንብረት ነው።»

«ጓድ፣ የእኔ እጅ ሥራ ነው። ወንድሜ ልጆች አሉት።»

ሊቀመንበሩ ጣቱን አርሶ መዝገብ ገለጠ። «አሥራ ሰባት ቆሮሶ፣ ሁለት አምባዛ» ብሎ አነበበ። «ይህን ያህል ማጥመዱ በጽሑፍ የተላለፈ ጀልባ ላንድ ግለሰብ ብሰጥ፣ ነገ አምጣው ስባል ምን ልመልስ ነው?»

ጋሽ ወርዶፋ ወደ እኔ አልዞሩም። ዞረው ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

ገመቹ ገመዱን መልሶ ጠቀለለና ሄደ። ጀልባው እዚያው ቀረ። በበልጉ ውሃ ሞላው፤ ቀለሙ እየተላጠ ውሃውን እንደ ደም አደፈረሰው፤ ስብሰባ የሰለቸው ሰው ምራቁንና የበላውን የሸንኮራ አንጓ ተፋበት፤ ሰካራም ሸናበት፤ ትንኝ ፈላበት። ለኩፖን ተሰልፈን ስንቆም ነፋሱ ወደ እኛ ከዞረ እናቴ በነጠላዋ አፍንጫዋን ትሸፍናለች። እኔ አልሸፍንም። እንድሸተው የሚገባኝ ይመስለኝ ነበር።

ገመቹ በዚያ ዓመት ሰጥሞ ሞተ ብዬ ብጽፍ ታሪኩ ይጠነክር ነበር። አልሞተም። ታንኳው ዳግመኛ ሲገለበጥበት መረቡን አጣና ዓሣ ማጥመዱን ተወ፤ በመንግሥት እርሻ የቀን ሠራተኛ ሆነ፤ ከልጆቹ ሁለቱ ትምህርት አቋረጡ። ይህን የነገሩኝ ጋሽ ወርዶፋ ናቸው፤ ከዚህ የበለጠ አላውቅም። እሳቸው ሌላ ጀልባ አልሠሩም። ተረት ግን ጥቂት ቆይተው ቀጠሉልኝ፤ የባላባቱን አንድ ጊዜ ደግመውልኛል። የዚያን ቀን የጎተቱትን ሰዎች ቁጥር አልጠሩም፤ «ሰዎች» ብለው አለፉት።

ዕድሜዬን ዜና ስጽፍ ኖርኩ። ቁጥር ያለበት መግለጫ ሲሰጠኝ ማን ቆጠረው ብዬ እጠይቃለሁ፤ ባልደረቦቼ ነዝናዛ ይሉኛል። ከቦሌ ወደ መገናኛ ስሄድ የድሮውን የቀበሌ ግቢ ቦታ በታክሲ መስኮት አያለሁ፤ አሁን የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ነው፣ በሩም ሰፊ ነው። ሊቀመንበሩን ለመጸየፍ በቂ ማስረጃ አለኝ። ምስማሩን ያስመታው እሱ ነው፤ ጽሑፉን የጻፈው እሱ ነው፤ የጋሽ ወርዶፋን ስም የሰረዘው እሱ ነው።

ዓሣዎቹን ግን ማንም አላዘዘኝም።