ከሰይድ አንገት ያነሳሁት ድንጋይ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን ሌላ ሌላውን እየዘረዘርኩ ይህን ዘልዬዋለሁ። እናቴ ሳትሰማው ሞተች። አሁን እናንተ ስሙኝ፤ ግን አታጽናኑኝ። ማጽናኛ ጠግቤያለሁ።

ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ። ሰይድ የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ገድሎታል ተብሎ ታሰረ። ውሸት ነው። ውሸቱም የኔ ነው።

ወንድሜ ታደሰ ይባላል። እኔ ወንድም ጋሼ ነበር የምለው፤ አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። ቤታችን ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ነው። በአሮጌ ፒክአፕ ከሰንዳፋ ወተት እያመጣ ለቦሌ ሻይ ቤቶች ያድላል። ጊዜው የደርግ ነው። ሰዓት እላፊው ሲያበቃ ባዶ ጀሪካኖቹን ጭኖ ይወጣል። በዚያ ሰዓት ከኮተቤ ወዲያ ያለው ሜዳ በጉም ይሸፈናል። ስለዚህ ሁለት ቢጫ የጉም መብራት ገዛ። እኔ እገጥመዋለሁ አልኩ።

ማን ግጠም አለኝ? ማንም። ማትሪክ ወድቄ ቤት ተቀምጬ ነበር፤ ለአንድ ነገር እንደምረባ ላሳይ ፈለግኩ። ደግሞ አውቅ ነበር። የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ አውቅ ነበር። አዲስ መብራት ከባትሪው የሚመጣ የራሱ ሽቦ ይፈልጋል፤ የራሱ ፊውዝ ይፈልጋል። እኔ ቸኮልኩ። የድሮውን የፊት መብራት ሽቦ ላጥኩና እዚያው ላይ ቀጠልኩት። በናስትሮ ጠቀለልኩት። አንዲት ቀጭን ሽቦ አራት መብራት እንድትችል ፈረድኩባት።

በማግስቱ ወንድም ጋሼ የሰፈር ጓደኞቹ በተሰበሰቡበት አበራው። በራ። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ጠፋ፤ የድሮውም አብሮ። ፊውዙ ተቃጥሎ ነው። ወንድም ጋሼ ትከሻዬን ይዞ ሳቀ።

«ኢንጂነር፣ መብራቱም እንዳንተ ማትሪክ ወደቀ።»

ሁሉም ሳቁ። ክፋት አልነበረውም፤ ይህን አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ጆሮዬ ድረስ ነደድኩ።

ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ሽቦው አልቻለም፣ እንደገና ልሥራው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ከአንዱ ጓደኛው ሲጋራ ፓኬት ውስጥ ያለችውን ብርማ ወረቀት ለመንኩ። የተቃጠለው ፊውዝ ላይ ጠቀለልኳትና ቦታው መለስኩት። ፊውዝ በማይገኝበት በዚያ ጊዜ ሹፌሮች ያደርጉት ነበር፤ ግን ጥፋቱን ፈልገው፣ አዲስ ፊውዝ እስኪያገኙ ነው። እኔ ያደረግኩት ሳቃቸውን ለማቆም ነው። አራቱም መብራቶች በሩ። አልጠፉም። ወንድም ጋሼ ግንባሬን ሳመኝ። ከዛሬ ወዲያ ጋራዥ ደጅ አልቆምም አለ። እኔም ኮፈኑን ዘጋሁ። «ሽቦው ቀጭን ነው» ማለት ስንት ቃል ነው?

ሳምንት ሳይሞላ ሞተ። ከኮተቤ ወዲያ፣ ጉሙ ውስጥ፣ ተበላሽቶ የቆመ ጠጠር የጫነ መኪና ኋላ ገባ። የሰይድ መኪና ነው። ከማታው ቆሞበት፣ ሰዓት እላፊ ስለደረሰ ጋቢናው ውስጥ አድሯል። ወንድሜን ከፒክአፑ ጎትቶ ያወጣው እሱ ነው። በሚያልፍ አውቶቡስ ጭኖ፣ ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ሆስፒታል የወሰደው እሱ ነው።

ቤተሰብ ወደ ሆስፒታል ሲሮጥ እኔን መኪናውን ጠብቅ ብለው ላኩኝ። ትራፊክ ገና አልመጣም። መጀመሪያ የተጠበሰው ፕላስቲክ ሸተተኝ። ኮፈኑ ተጨማዶ ተከፍቷል። ሽቦው እኔ ከቀጠልኩበት ጀምሮ ልባሱ ቀልጦ ወርዷል፤ መሐል ላይ ተበጥሷል። የመብራቱ ማብሪያ እንደበራ ነው። ወንድሜ መብራት አብርቶ ነው የሄደው፤ ጉሙ መሐል ነው መብራቶቹ የጠፉበት። ብርማ ወረቀቷ ግን ቦታዋ ላይ ነበረች። አውጥቼ ኪሴ ከተትኳት።

ከፒክአፑ ጎማ ስር የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አየሁ። ከኋላ ሌላ። ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ሌላ። ሰይድ ቅጠሉን በወጉ ደርድሯል፤ እዚህ የቆመ መኪና አለ ብሎ መብራት ላለው ሰው ተናግሯል። መብራቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ቅጠሉንም ለቅሜ ቦይ ውስጥ ጣልኩት።

ትራፊኩ መጥቶ ቅጠል ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላየሁም አልኩ። እሱም ጻፈ።

ከአርባው በኋላ ሽማግሌዎች መጡ፣ አንድ ቄስና አንድ ሼኽ ከፊት ሆነው። ሰይድን በዋስ አስወጥተው ይዘውት ነበር። ሰው ሞቷል፣ ክርክሩን ተወው ብለው መክረውታል። ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ግቢያችን ውስጥ ተንበረከከ። ሽበት ያለው ትልቅ ሰው ነው። እናቴ ልታየው አልቻለችም፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የወንድሙ ደም ነው፣ እሱ ያንሳለት አለች።

ተነሳሁ። ጎንበስ ስል ሰይድ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ ተናገረኝ።

«ቅጠል አድርጌ ነበር፣ ወላሂ።»

ድንጋዩን ከአንገቱ አነሳሁ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አልኩት። ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ። እናቴ እንደዚያን ቀን ኮርታብኝ አታውቅም።

ይቅር አልኩት! እኔ፣ ሰይድን! እሱ ግን ፍርድ ቤት አልቀረለትም፤ ታሰረ። ሲወጣ መንጃ ፈቃዱ የለም፣ ጉልበቱ የለም። አሁን ኮተቤ መንገድ ዳር ከሰል ይሸጣል። በአውቶቡስ ሳልፍ አየዋለሁ። ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ?

ማትሪክ ስለወደቅኩ ነው፣ ልጅ ስለነበርኩ ነው፣ ተስቆብኝ ነው የሚል ሰው ካለ አፉን ይዝጋ። ቅጠሉን ስለቅም ማንም አልሳቀብኝም።

ድንጋዩ እስካሁን ግቢያችን ውስጥ፣ በሩ ስር አለ። ነገ ሰይድ ዘንድ ስሄድ ይዤው አልሄድም። ሽማግሌም አልልክም። ድንጋይ የተሸከመን ሰው እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ሰይድም ነውር የሚያውቅ ሰው ነው። ባዶ አንገቴን ይዤ፣ ቆሜ፣ ሁሉን እነግረዋለሁ። እምቢ እንዲለኝ።